ኦሜፕራዞል በወተት አይበጠበጥም

የኮምቦልቻዋ እህቴ፣ እናትሽ የታዘዘላቸውን የጨጓራ አሲድ መቀነሻ ካፕሱል፣ ኦሜፕራዞልን፣ ጨጓራቸው ሲነሳ ብቻ ከፍተው፣ በወተት በጥብጠው ከምሳ በኋላ እንዲጠጡ ጎረቤት መክሯቸዋል ብለሻል። አብሽሪ፣ ይህን የሚል ደሴም ሞልቷል። ግን ስህተት ነው።

ካፕሱሉን ብትከፍቺው ጥቃቅን ፍሬዎች ታያለሽ። እያንዳንዷ ፍሬ የተለበጠችው የጨጓራ አሲድ መድኃኒቱን እንዳያበላሸው ነው። ሽፋኑ መሟሟት ያለበት አንጀት ሲደርስ ነው። ወተት ውስጥ ግን ያለ ቦታው ሊሟሟ ይችላል። ማኘክም መፍጨትም ያው ነው። ሙሉውን በውሃ ይዋጡት።

ሰዓቱስ? አብዛኛውን ጊዜ ከቁርስ በፊት፣ ከ30 እስከ 60 ደቂቃ ቀደም ብሎ። ምግብ ገብቶ አሲድ መመንጨት ሲጀምር መድኃኒቱ ቀድሞ ደም ውስጥ መገኘት አለበት። ማለትም ከአቦሉም በፊት (በባዶ ሆድ አቦል ለጨጓራ በሽተኛ ምን ሊሆን!)።

ደግሞ የአንድ አፍታ ማስታገሻ አይደለም። ሙሉ ኃይሉን እስኪያሳይ ከ1 እስከ 4 ቀን ሊፈጅ ይችላል። ስለዚህ ሐኪሙ ያዘዘውን ያህል ቀን በየቀኑ ይውሰዱ። ክሎፒዶግሬል የሚባለውን የደም ማቅጠኛ የሚወስዱ ከሆነ ለሐኪሙ ይንገሩት።

ሰገራቸው እንደ ሬንጅ ከጠቆረ ወይም ደም ካስመለሳቸው ግን ዛሬ ነገ ሳትዪ ሆስፒታል ውሰጃቸው።