ማስተካከያ፦ ልጆች በወንጀል የሚጠየቁበት ዕድሜ

ባለፈው ሳምንት ጅማ ውስጥ ከጎዳና ልጆችና ከሊስትሮዎች ጎን ስለሚቆሙ በጎ ፈቃደኞች ስጽፍ «ከ18 ዓመት በታች ያለ ልጅ በወንጀል አይጠየቅም» ብዬ ነበር። ይህ ስህተት ነው። ይቅርታ እጠይቃለሁ።

ትክክለኛውን ከ1996ቱ የወንጀል ሕግ ላይ አንብቤዋለሁ። በወንጀል የማይጠየቀው 9 ዓመት ያልሞላው ልጅ ነው። ከ9 እስከ 15 ዓመት ያለው ደግሞ እንደ አዋቂ አይቀጣም፤ ከአዋቂ ወንጀለኞች ጋርም አይታሰርም። ፍርድ ቤቱ ለዕድሜው የሚሆን እርምጃ ይወስናል። ከእርምጃዎቹ አንዱ ልቤን ነክቶታል፦ ልጁን ለዘመድ፣ ዘመድ ከሌለም ለታመነ ሰው በአደራ መስጠት። ሂርማታ ገበያ አካባቢ ልጆቹን አጠገባቸው አስቀምጠው የሚያስጠኑት፣ ሲጠፉም ሰፈር ለሰፈር የሚፈልጓቸው ወጣቶች ይህንኑ አደራ ማንም ሳያዛቸው ተሸክመዋል።

15 ዓመት ያለፈው ግን በመደበኛው ሕግ ይጠየቃል። ዕድሜው ቅጣቱን ሊያቀልለት ይችላል እንጂ ነፃ አያወጣውም።

ልዩነቱ ቀላል አይደለም። አንድ የ16 ዓመት ልጅ «ምንም አልሆንም» ብሎ ሞባይል ቢሰርቅ ፍርድ ቤት ይቆማል። ጽሑፌን አምናችሁ ለልጆቹ የነገራችሁ ካላችሁ፣ እባካችሁ በሚቀጥለው ስትገናኙ አስተካክሉላቸው። እነሱ ከእኔ ይልቅ እናንተን ነው የሚሰሙት። የቀድሞውን ጽሑፍ አርሜዋለሁ።