ይድገሙት እማማ

የአዲስ አበባ ሰዎች ሆይ፣ ምስጋና ማቅረብ ትተን ምስጋና ማስከፈል የጀመርነው ከመቼ ወዲህ ነው? ለሰጠን አምላክ በወጉ «ተመስገን» ሳንል፣ የሰጠነውን ምስኪን «አመስግን» ብለን የምናፋጥጥ ሰዎች ከየት መጣን? ይህን የምጠይቀው ስብከት አምሮኝ አይደለም። በኅዳር 23፣ በጊዮርጊስ ዕለት፣ ፒያሳ ላይ ያየሁት ነገር ከአንጀቴ አልወጣ ስላለኝ ነው። ይቅር ልለው ሞክሬ ነበር፤ አልሆነልኝም።

ቅዳሴው አልቆ ሕዝቡ ከቅዱስ ጊዮርጊስ ካቴድራል ቅጥር መውጣት ጀምሯል። የኅዳር ብርድ ነው፤ ፀሐይዋ ወጥታ እንኳ ጥላ ሥር የተቀመጠ ሰው ይንቀጠቀጣል። በአጥሩ ጥግ እንደ ወትሮው ነዳያን ተደርድረዋል። አንድ ዓይነት ቲሸርት የለበሱ ወጣቶች ከመኪና ወርደው ምግብ ያድላሉ። ከመካከላቸው የአንዱ የልደት ቀን ነው፤ «እግዚአብሔርን ለማመስገን ነው የመጣነው» ይላሉ ለጠየቃቸው ሁሉ። መልካም ነው፣ ማን ይጠላል? ምግቡም ከንፉግ ቤት የወጣ አልነበረም። የነቢያት ጾም ስለሆነ ምስር፣ ጎመንና ሽሮ በእንጀራ ላይ፣ ከአጠገቡ የታሸገ ውኃ። ልጆቹም ክፉ አይመስሉም ነበር። ይልቁን የሚያንገበግበኝ ይሄ ነው።

ወደ ሰልፉ መጨረሻ አንዲት እናት ተቀምጠዋል። ነጠላቸውን እስከ ዓይናቸው ድረስ ስበው ተከናንበዋል። ልመናን የለመዱት አይመስሉም። የለመደ ሰው እጁን መቼ እንደሚዘረጋ ያውቃል፤ እሳቸው ግን እጃቸውን ከነጠላው ሥር አላወጡም። ሳህኑን ጉልበታቸው ላይ አስቀመጡላቸው። ያን ጊዜ እጃቸው ወጣ፤ አማተቡ፤ ፊታቸውን ወደ ቤተ ክርስቲያኑ መለስ አድርገው «ተመስገን ጌታዬ፣ የዛሬንም አላሳጣኸኝ» አሉ። ድምፃቸው ዝቅ ያለ ነበር፤ የሰማሁት ከአጠገባቸው ስለቆምሁ ነው። ከዚያ እንጀራውን ሊቆርሱ እጃቸውን ሰደዱ።

«ይቆዩ፣ ይቆዩ እማማ» አለ ስልኩን በዘንግ ላይ የሰካው ልጅ። «ወደዚህ ይዩና ለልጆቹ ምስጋና ያቅርቡላቸው።»

«እግዚአብሔር ይስጥልኝ ልጆቼ።»

«አልተሰማም። ነጠላውን ትንሽ ገለጥ ያድርጉትና ይድገሙት እማማ።»

ነጠላቸውን አልገለጡም። አንገታቸውን እንደ ደፉ «ይስጥልኝ» አሉ። ልጁ ጎንበስ ብሎ ሳህኑን ከጉልበታቸው ላይ አነሣው። አልተቆጣም፣ አላመናጨቀም፤ ፈገግ እያለ ነው ያነሣው። «መጀመሪያ እንቅረጽና ከዚያ ተረጋግተው ይበላሉ» አላቸው። ይህን ሁሉ ያደረገው በአንቱታ ነው። ቤተሰቦቹ ጨዋ አድርገው አሳድገውታል ማለት ነው!

እናትየዋ ግራና ቀኝ ተመለከቱ። የሚያውቃቸው ሰው በዚያ እንዳያልፍ ፈርተው ይመስለኛል። ከዚያ ነጠላውን ከፊታቸው ላይ አወረዱት፤ ቀና ብለው ስልኩን አዩ፤ በሉ የተባሉትን አሉ። የባለ ልደቱን ስም ነግረዋቸው ስለነበር በስሙ ጠርተው መረቁት። አንድ ጊዜ ስሙን ተሳሳቱ፣ ተደገመ። ሌላ ጊዜ መኪና ጥሩምባ ነፋ፣ ተደገመ። በመጨረሻ «አሁን ጥሩ መጣ» ተባለና ሳህኑ ተመለሰላቸው። እዚያ አልበሉትም። በነጠላቸው ጫፍ ሸፍነው ተነሡ፤ ውኃውን ትተው ቁልቁል ሄዱ።

ስንት ሰው ነበርን በዚያ! ነጠላ ያጣፋን፣ ጸበል የጠጣን፣ አንዳንዳችንም የቆረብን። ቆመን አየን። አንዲት ሴት ብቻ «ኧረ ነውር ነው!» አለች፤ እሷንም ያገዛት የለም። እኛስ አፋችንን የዘጋነው ለምንድን ነው? ልጆቹ መልካም ሥራ ላይ ናቸው ብለን ነው። ሰጪ የሆነ ሰው የፈለገውን ማድረግ ይችላል ብለን ከልባችን አምነናል። ተግሳጼ ለነዚያ ልጆች ብቻ ያልሆነውም ስለዚህ ነው።

ደግሞ ቦታውን ልብ በሉልኝ። ያ ካቴድራል ራሱ የምስጋና ቤት ነው። የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. በዓድዋ ድል ሲገኝ ዕለቱ የጊዮርጊስ ነበር፤ የሰማዕቱ ታቦትም ከሠራዊቱ ጋር ዘምቶ ነበር። ዳግማዊ ምኒልክ ያንን ስምንት ማዕዘን ቤተ ክርስቲያን ያሠሩት ለዚያ ውለታ መታሰቢያ ነው። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴም ጥቅምት 23 ቀን 1923 ዓ.ም. ዘውድ የጫኑት በዚያው ነው። አገር ነጻነቱን ተቀብሎ «ተመስገን» ባለበት፣ ንጉሠ ነገሥት ዘውዱን ተቀብሎ አንገቱን በደፋበት ደጅ ላይ፣ አንዲት እናት ለአንድ ሳህን ምስር ፊታቸውን አስገለጥናቸው።

በዚያ ጠዋት በቅዳሴው ምን ስንባል ነበር የቆምነው? ካህኑ «ነአኵቶ ለገባሬ ሠናያት ላዕሌነ» ብሎ ጸሎተ አኰቴትን ደግሟል። በጎ ነገር ያደረገልንን እግዚአብሔርን እናመስግነው ይላል። ምክንያቱንም ይዘረዝራል፦ ሠውሮናልና፣ ረድቶናልና፣ ጠብቆናልና፣ እስከዚህች ሰዓት አድርሶናልና። ቪዛ ስለመጣልን አይልም። ቦታ ስለተመራን፣ ልጃችን ስለተመረቀልን አይልም። ሌሊቱ ነግቶ፣ እግራችን ተራምዶ በዚያች ሰዓት እዚያ መገኘታችን ብቻውን ለምስጋና ይበቃል ነው የሚለን። እኛ ግን ስለት ሲሰምር ጥላና መጋረጃ ይዘን እንሮጣለን እንጂ፣ ያለ ስለት በየማለዳው ለሚሰጠን እስትንፋስ ምን አስገብተን እናውቃለን? መብራት ጠፍቶ ሲመጣ ሰፈሩ በሙሉ «መጣ!» ብሎ ይጮኻል፤ ሕፃናቱ ያጨበጭባሉ፤ ሩብ ሰዓት ሳይሞላ ሁሉም ይረሳል። በፈረቃ የምትመጣውን ውኃ ሌሊት ተነሥተን በርሜል ስንሞላ የምናጉረመርመውን ያህል፣ በርሜሉ ሲሞላ አናመሰግንም። እኒያ እናት ግን ባዶ ሆዳቸውን ይዘው፣ ገና ሳይቀምሱት አመስግነው ነበር። ምስጋናውን በትክክለኛው አድራሻ አድርሰውታል። ከእኛ ዘንድ ምንም ዕዳ አልነበረባቸውም። ደረሰኝ አምጡ ያልናቸው እኛ ነን።

ዮሐንስ በወንጌሉ በስድስተኛው ምዕራፍ የጻፈውን እስቲ ረጋ ብላችሁ አንብቡት። አምስት የገብስ እንጀራና ሁለት ዓሣ፣ ወንዶቹ ብቻ አምስት ሺህ የሚያህሉ ሕዝብ። ጌታ እንጀራውን ያዘ፤ አመሰገነ፤ ከዚያ ሰጠ። ያመሰገነው ሰጪው ነው! በሣር ላይ የተቀመጠውን ሕዝብ «አመስግኑ» አላለም። አንዱንም ከመካከላቸው አስነሥቶ በሐዋርያት ፊት አላስመሰከረውም። ስንት ጊዜ ሲነበብ የሰማነው ወንጌል ነው፤ ይህችን ግን ዘለልናት።

ዐሥሩን ለምጻሞችም አስቡ። ከዐሥሩ አንዱ ብቻ፣ ያውም ሳምራዊው፣ ተመልሶ በእግሩ ሥር ወደቀ። ጌታም «ዘጠኙስ ወዴት አሉ?» ብሎ ጠየቀ። መጠየቁ እውነት ነው፤ አለማመስገን ያሳዝነዋል። ነገር ግን ያልተመለሱትን ዘጠኙን ለምጻቸውን መልሶ አላለበሳቸውም። የሰጠውን ጤና አልነጠቃቸውም። እኛ ሳህን ነጠቅን፤ ያውም ካመሰገነ ሰው።

«የምንቀርጸው እኮ ሌላው አይቶ እንዲሰጥ ነው» የሚል መልስ እንዳለ አውቃለሁ። ከሰው ጋር ስከራከርበትም ሰንብቻለሁ። አረጋውያንን ሰብስቦ የሚያኖር ድርጅት በቴሌቪዥን ወጥቶ እርዳታ ቢጠይቅ አልቃወምም፤ ደግ አድርጓል። እሱ ግን የሚያሳየው ችግሩን ነው። እነዚህ ያሳዩት የራሳቸውን ደግነት ነው፤ እናትየዋ የተፈለጉት ለምስክርነት ብቻ ነበር። «በፊትህ መለከት አታስነፋ» የተባለው ለማን ይመስላችኋል? በዚያ ዘመን በመለከት ያስነፉ ነበር፤ መለከቱ ዛሬ በኪሳችን ነው። ቃሉም አልተለወጠም፦ «ዋጋቸውን ተቀብለዋል።» ተቀብለዋል ከተባለ ሌላ የሚጠብቁት የለም ማለት ነው። ለእነዚያ ልጆች የማዝነው እዚህ ላይ ነው። ገንዘባቸውን አውጥተው፣ በሌሊት ተነሥተው፣ ሙሉ ቀን ደክመው ባዶ እጃቸውን ተመለሱ።

ሌላም የምፈራው ነገር አለ፤ «ስለ ምስጋና ተጽፏል» ብሎ ይህን ጽሑፍ ለቤት ሠራተኛው ወይም ለጥበቃው የሚያነብ ሰው አይጠፋም። «አየህ፣ ባለህ አመስግን» ሊለው። እባካችሁን ይህን አታድርጉ። የጠገበ ሰው የራበውን ዝም ለማሰኘት የሚጠቀምበት «ተመስገን በል» ከምስጋና ወገን አይደለም። ኑሮው ከበደኝ፣ የቤት ኪራይ አቃተኝ የሚል ሰው እግዚአብሔርን አላማም። ዳዊትም በአንዱ መዝሙር «እስከ መቼ?» ብሎ ያለቅሳል፣ በሌላው «ነፍሴ ሆይ፥ እግዚአብሔርን ባርኪ» ይላል፤ ሁለቱንም ያለው አንድ ሰው ነው። እኔ የምለው ራሳችሁ አመስግኑ ነው። በየቤታችሁ፣ በራሳችሁ አፍ፣ ለራሳችሁ እንጀራ። ለሌላው አፍ አዛዥ አትሁኑ።

ብዙ ነገር አልጠይቅም፤ ብዙ መጠየቅም ደክሞኛል። ታኅሣሥ 19 ገብርኤል ነው። ታኅሣሥ 29 ደግሞ ልደት። ምግብ ሠርታችሁ የምትወጡ እንደምትኖሩ አውቃለሁ፤ ለዚህ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ይህች ከተማ ገና አልጨከነችም። ስትወጡ ስልካችሁን መኪና ውስጥ ተዉት። ሳህኑን ከማስቀመጣችሁ በፊት እናንተ «ተመስገን» በሉ፤ የምትሰጡትን ስለሰጣችሁ። ጎንበስ ብላችሁ በሁለት እጃችሁ ስጡ። ስማችሁን አትናገሩ፣ ስማቸውንም አትጠይቁ። የተከናነበ ሰው ካያችሁ እንደ ተከናነበ ተዉት። ከመረቃችሁ አሜን በሉ፤ ካልመረቃችሁም እለፉ። እንደዚያ ያለ ነገር ሲደረግ የምታዩ ደግሞ፣ «ነውር ነው» የምትል አንዲት ሴት ካለች ብቻዋን አትተዉአት።

የሚሰማኝ ብዙ ሰው ይኖራል ብዬ አይደለም። ከዐሥሩም አንድ ነው የተመለሰው። አንድ ሰው ከተገኘ ግን ለፒያሳ ብቻ አይበቃም፤ እስጢፋኖስም፣ ኡራኤልም፣ ባዕታም ደጃቸው ላይ የሚቀመጥ ሰው አላቸው። በገና ማለዳ ጾሙ ሲፈታ እነሱም ይፈስካሉ፤ ዶሮ ወጥ የምትሠሩ ካላችሁ ሳይቀዘቅዝ አድርሱላቸው።