አፍሪካ አዳራሽ ጣሊያን ከወጣ ከሃያ ዓመት በኋላ ነው የተመረቀው
«በድሮ ፖስትካርዶች ላይ የምናያቸው የመሃል አዲስ አበባ ሕንፃዎች ጣሊያን በወረራው ጊዜ ትቶልን የሄዳቸው ናቸው» የሚለው አስተያየት አልተዋጠልኝም። ጣሊያን የወጣው በ1933 ዓ.ም. ነው። ከእነዚህ ሕንፃዎች አንዱ የሆነው አፍሪካ አዳራሽ የተመረቀው በ1953 ዓ.ም.። መሃል ላይ ድፍን ሃያ ዓመት አለ! ንድፉን የሠራው አርቱሮ መዜዲሚ ጣሊያናዊ ነው፣ እሱስ ልክ። ያሠሩት ግን ጃንሆይ ናቸው፤ ያ ትልቅ የመስታወት ሥዕልም የአፈወርቅ ተክሌ ነው። ብሔራዊ ቴአትር ላይ ግማሽ ነጥብ እሰጣለሁ፤ ጣሊያን ሲኒማ ሊያደርገው ጀምሮት ነበር። ለወግ ያበቃው ግን ፈረንሳዊው አንሪ ሾሜት ነው፣ ክቡን ንግድ ባንክም የነደፈው እሱ። ስለ ፖስትካርዶቹ «ቀለሙ ውሸት ነው፣ ሰማዩ እንዲህ ሰማያዊ ሆኖ አያውቅም» ያልከው ወንድሜ፣ ቀለሙ ተነካክቷል፣ አልክድም። ካርዱ ግን ዘመን ለመለየት ይጠቅማል። አባቴ ያስቀመጣቸው ሁለት ካርዶች እኔ ጋ አሉ፤ ሁለቱም ቸርችል ጎዳናን ከለገሃር በኩል ሽቅብ ያሳያሉ። በአንዱ መንገዱ ወጥቶ ወጥቶ ጫፉ ላይ ምንም የለም። በሌላው ማዘጋጃ ቤቱ ከነሰዓቱ ማማ ጉብ ብሏል። ስለዚህ የመጀመሪያው ማዘጋጃው ከመሠራቱ፣ ማለትም ከ1950ዎቹ አጋማሽ በፊት የተነሣ ነው። በሁለተኛው ካርድ ጥግ ነጠላ የለበሱ እናት ጃንጥላ ዘርግተው መንገዱን ቀስ ብለው ያቋርጣሉ፣ አንድም መኪና ሳይመጣባቸው። ዛሬ እዚያው ቦታ ላይ ሞክሩት እስቲ።