«የፊት እግሯ ማለት?»

አሁን ገና ቤት መግባቴ ነው፤ ጫማዬን እንኳ አላወለቅኩም። ይህን ካልጻፍኩት ግን የምፈነዳ መስሎኛል። ሥራ ያላችሁ እለፉት፣ ይረዝማል።

ሚሚ ቆስላለች። አትደንግጡ፣ ቁስሏ ትንሽ ነው። የፊት ቀኝ እግሯን፣ ከመዳፏ ሥር ያለውን ወፍራሙን ጥቁር ቆዳ ጠርሙስ ቆርጧታል። ጠርሙሱን ማን እንደሰበረው ታውቃላችሁ። ባለፈውም እሱ ነበር፤ ከዚያ በፊትም እሱ ነበር፤ ሲጠየቅ ደግሞ «እኔ በጠርሙስ አልጠጣም» ብሎ የሚምለው ያው እሱ ነው። የሱን ጉድ ሌላ ቀን እመለስበታለሁ። ዛሬ ተራው የፋርማሲው ነው።

ጎዝ አልቆብኝ ነበር። ማን እንደጨረሰውም ታውቃላችሁ። ወንድሜ መነጽሩን የሚወለውለው በሱ ነው። ቤቱ በጨርቅ ተሞልቶ፣ ታሽጎ የተቀመጠ ንጹሕ ጎዝ እየቀደደ! ስጮህበት «ለስላሳ ነው እኮ» ይለኛል። ብቻ ሄድኩ። ወረፋ። ከፊቴ አንዲት እናት ከፍላ መልሷን ትጠብቃለች፤ ከኋላዬ ባርኔጣ ያደረጉ አባት አሉ፤ ከሳቸው ቀጥሎ ደግሞ ስልኩን ለመላው ዓለም የሚያወራ አንድ ሰውዬ። ተራዬ ደረሰ።

«ጎዝ ስጠኝ፣ ቁስል ላይ የማይጣበቀውን ዓይነት። ፋሻና ኖርማል ሳላይንም ጨምርልኝ።»

«ምን ሆነሽ ነው?»

«እኔ አይደለሁም። ሚሚ ጠርሙስ ረግጣ ነው።»

«ውይ! ስንት ዓመቷ ነው?»

«አራት።»

እውነቴን ነው፣ አራት ዓመቷ ነው። ጠየቀኝ፣ መለስኩ። የዋሸሁት ነገር የለም።

«ጥልቀት አለው?»

«የለውም። ደሙም ቆሟል።»

«ጎበዝ። ክትባቷን ጨርሳለች?»

«በየዓመቱ ነው የማስከትባት።»

«በየዓመቱ?» አለና ትንሽ አሰበ። «ጥሩ እናት ነሽ። ክብደቷስ?»

«22 ኪሎ።»

ቅንድቡ ተነሣ። «በአራት ዓመቷ? እህቴ፣ ትንሽ አልበዛም? ጣፋጭ ቀንሺላት።»

ከፊቴ ያለችው እናት ዞር ብላ ከላይ እስከ ታች ገላመጠችኝ። በቃ፣ እዚያው ከእናትነት ተሰረዝኩ።

«ኧረ ልኳ ነው፣ ሐኪሟም ጥሩ ናት ብሏል።»

«እሺ ይሁን። የትኛው እግሯ ነው?»

«የፊት እግሯ።»

ጸጥ።

«የፊት እግሯ ማለት?»

ሰውዬው ስልኩን «ቆይ መልሼ ልደውልልህ» ብሎ ዘጋው። ገባችሁ? ሙሉውን ሰዓት ጆሯችንን ሲበላ የነበረ ሰው፣ የኔ ነገር በልጦበት ወሬውን አቋረጠ።

«ውሻ ናት» አልኩ። ድምፄ ከየት እንደወጣ አላውቅም።

የጋዋን ለባሹ ሻጭ ሳቅ ዝም ብሎ ሳቅ አይደለም። ባንኮኒውን ተደገፈ። ዓይኑን ጠረገ። ከውስጥ ጓደኛውን ጠራ፤ «ኧረ ና፣ ይህችን ስማ!» ጓደኛው መጣ። እኔ እዚያው ቆሜ፣ ታሪኩ ከመጀመሪያው ተተረከለት፤ «22 ኪሎ ስትለኝ እኮ ልጅቷ ታሳዝናለች ብዬ...» እያለ። ወረፋው በሙሉ ይስቃል። ያቺ እናት እንኳ ፈገግ አለች፤ እሷስ እፎይታ ነው መሰለኝ። አክስቴ «የሰው ስም ለውሻ ሰጥተሽ አንድ ቀን ታፍሪያለሽ» ስትለኝ ነበር። ይህን እንዳትነግሯት፣ ዓመቱን ሙሉ ትበላበታለች።

መሳቅስ ይሳቁ፣ ምን ቸገረኝ። ደሜን ያፈላው ከሳቁ በኋላ የመጣው ምክር ነው። ባርኔጣ ያደረጉት አባት ጉሮሯቸውን ጠርገው፣ በተረጋጋ ድምፅ «ልጄ፣ ውሻ እኮ ናት። ትልሰዋለች፣ ይድናል። የውሻ ምላስ መድኃኒት ነው» አሉኝ። ወረፋው ሁሉ ራሱን ነቀነቀ። አዋቂ ተናግሯላ!

አባቴ፣ ያከብሩኛል አከብርዎታለሁ፣ ግን የሚሚን ምላስ የት የት እንደሚደርስ የማውቀው እኔ ነኝ። ምራቋ ውስጥ አንዳንድ ጀርም የሚያዳክም ነገር ትንሽ አለ፣ ይህ እውነት ነው። በዚያው አፍ ውስጥ ግን ፓስቱሬላን የመሰሉ ቁስል የሚያመረቅዙ ባክቴሪያዎችም አሉ። ደግሞ ውሻ በልክ አይልስም። አንዴ ከጀመረ ሊገጥም የነበረውን ጠርዝ መልሶ እስኪከፍተው፣ ቆዳው ረጥቦ እስኪነጣ አያቆምም። መድኃኒት ቢሆን ኖሮ የእንስሳት ሐኪሞች ያንን እንዳይልሱ የሚከለክለውን የአንገት ኮን ለምን ያስጠልቋቸዋል? ለጌጥ ነው? ይህን ሁሉ ልናገር አፌን ከፈትኩ፤ የወጣኝ «እሺ አባባ» ብቻ ነው። እስካሁን የሚያቃጥለኝ እሱ «እሺ አባባ» ነው።

ባለ ጋዋኑ ደግሞ ሳቁን ሳይጨርስ ወደ መደርደሪያው ዞረ። «ካመማት የልጆቹን ኢቡፕሮፌን ልስጥሽ? ሽሮፕ ነው፣ ይጣፍጣል።» አሁንስ አልቻልኩም። ኢቡፕሮፌን የውሻን ጨጓራ ያቆስላል፣ ኩላሊቷንም ሊያጠፋ ይችላል። ፓራሲታሞልስ ቢሆን? ጉበቷን ይጎዳል፣ ደሟ ኦክስጅን እንዳይሸከም ያደርጋል። ሐኪሟ ራሱ ካላዘዘ ከሰው የመድኃኒት ሣጥን የሚወጣ ማስታገሻ ለውሻ አይሰጥም፣ አለቀ። «አይ፣ አመሰግናለሁ» አልኩ። «እንግዲያው አልኮል ውሰጂ፤ ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድም አለ፣ አረፋ ሲያወጣ ጀርሙን ሁሉ ይጨርሰዋል።» አረፋው እኮ ጀርም መሞቱን አይናገርም! ከደሟና ከሥጋዋ ጋር ሲነካካም ያው አረፋ ነው የሚወጣው፤ ቁስሉን ሊሞላ የመጣውን አዲስ ሥጋም አብሮ ይለበልባል። አልኮል ደግሞ እስቲ መጀመሪያ ራስህ ቁስል ላይ አፍስሰውና እንነጋገር።

እና ማን ነው የሚሳቅበት? ጎዝና ጨው ያለበት ውሃ የጠየቅኩት እኔ ነኝ፣ ወይስ ለ22 ኪሎ ፍጡር የልጅ ሽሮፕ የሚያቀርበው እሱ? የተሳቀው በኔ ነው።

«ታዲያ ለምን ሐኪም ጋ አልወሰድሻትም» የምትሉ እንዳላችሁ አውቃለሁ፣ በተለይ አንቺ፣ እንዳልጠራሽ። ገና እንደተቆረጠች ደወልኩለት። ስባሪ ቀርቶበታል ወይ አለ፤ ታጥቦ በስልክ መብራት ታይቷል፣ ያለችውም ትንሽ ስባሪ ላይ ላዩን ስለነበረች በወረንጦ ወጥታለች። ጠልቆ የተሰካ ከሆነ እንዳትነኪው ነበር ያለኝ። ደሙስ? በጎዝ ተጭኜ፣ በየመሃሉ ሳልገልጥ፣ አሥር ደቂቃ ሳይሞላ ቆመ። ሩብ ሰዓት ተጭነሽው ካልቆመ፣ ካበጠ፣ ከሸተተ፣ መግል ከያዘ፣ ወይም በሁለት ቀን ውስጥ ማንከሷ ካልቀነሰ አምጫት፤ ካልሆነ እቤት እጠቢ አለኝ። ያልሳቀብኝ ሰው እሱ ብቻ ነበር። ከፋርማሲው ስወጣ መልሼ ደውዬ ስነግረው ግን እሱም ሳቀ። ከዳተኛ።

«ትንሽ ቁስል» ሲባል ቀላል ይመስላችኋል። ቦታውን እኮ እዩት! የምትቆምበት ነው። እጄ ቢቆረጥ እጄን አሳርፈዋለሁ፤ እሷ በየእርምጃዋ ያንን ቆዳ ትጫነዋለች፣ ሲጫን ይለጠጣል፣ ሲለጠጥ ይከፈታል። እዚያ ላይ የሚሰፋ ክር እንኳ ብዙ ጊዜ ይበጠሳል። ስለዚህ ማሳረፍ ነው መድኃኒቱ። ለሚሚ «እረፊ» ብላችሁ ታውቃላችሁ? በር በተንኳኳ ቁጥር በአራቱም የምትነሣውን?

ማታ ማታ ያለው ቲያትርማ አይወራ። ሳላይን ሲያልቅብኝ ለግማሽ ሊትር ፈልቶ ለብ ላለ ውሃ አንድ የሻይ ማንኪያ የማይሞላ ጨው እበጠብጣለሁ። እጠባው። ከዚያ ጀርም የሚገድለው ፖቪዶን አዮዲን፣ እሱም እንዳለ አይደለም፣ ቀጠን ያለ ሻይ እስኪመስል በውሃ ይቀጥናል። ከዚያ በጣቶቿ መሃል ያለው እርጥበት ይደርቃል፤ ውሻ በመዳፏ ታልባለች፣ ስለዚህ ፋሻው ውስጥ እንዳይታፈን ጥጥ ነገር በየጣቶቿ መሃል ይገባል። ይህን ሁሉ የማደርገው በአንድ እጄ ነው፤ ምክንያቱም ወንድሜ ደም ሲያይ ያጥወለውለዋል። እንዲይዝልኝ ስለምነው ዓይኑን ጨፍኖ ያዘ። ምኑን ያዘ? ደህነኛውን እግር። እኔ ከቆሰለው ጋር ስታገል እሱ «ያዝኳት፣ ያዝኳት» ይላል።

ከሁሉም የምትብሰው አክስቴ ናት። አጠገቤ ቆማ «ጠበቅ አድርጊው እንጂ፣ ይወልቃል!» ጠበቅ ካለ እኮ ደም አይዘዋወርም፣ እግሯ ያብጣል፤ ትንሹ ቁስል ሄዶ ትልቅ ጣጣ ይመጣል። ለዚህ ነው ከጣቷ ወደ ላይ የምጠመጥመው፣ የመሃሎቹን የሁለቱን ጣቶች ጫፍም ውጭ የምተወው፤ ሲያብጥ ጥፍሮቹ ይራራቃሉ፣ ሲቀዘቅዝም በእጄ ይታወቀኛል። ይህን ሳስረዳት ምን አለችኝ? «ለኔ ጉልበት እንዲህ ተጨንቀሽ አታውቂም።» እርፍ! የጉልበቷን ቀጠሮ ማን እንዳስያዘላት፣ ማን ሥራ አስፈቅዶ እንደወሰዳት፣ አሁን አልገባበትም። ሆድ ይፍጀው።

ሥራ ስል ትዝ አለኝ። አለቃዬን አንድ ሰዓት ቀድሜ ልውጣ ብለው «ለውሻ?» አለኝ፤ በዚያ ቃና። እሱ መኪናው ተጭሮ ግማሽ ቀን የጠፋ ጊዜ «ለመኪና?» ያለው አልነበረም። የብረት ጭረት ያሳዝናል፣ የሥጋ ያስቃል። ተዉት፣ ደክሞኛል።

ውጭ ስትወጣ ፋሻው እንዳይርስ ላስቲክ አጠልቅላታለሁ፣ ስትገባ ወዲያው አወልቃለሁ፤ የረጠበ ፋሻ ከምንም አይሻልም፣ ወዲያው ነው የሚቀየረው። ጎረቤቶች ላስቲኩን እያዩ ይስቃሉ። ለምጄዋለሁ። ኮኑ ደግሞ ተሰንጥቋል፤ የበሩን መቃን፣ የጠረጴዛውን እግር፣ የኔን ቅልጥም እየመታች ነው የጨረሰችው። የተሰነጠቀውን ጠርዙን ሳየው መሳቅም ማልቀስም አልቻልኩም።

እና አሁን፣ ይህን እየጻፍኩ ከፋርማሲው ያመጣሁትን ላስቲክ ፈታሁት። ፋሻ አለ። ሳላይን አለ። ጎዙን ሳየው... የሚጣበቀውን ነው የሰጠኝ! ከመጀመሪያው ከአፌ የወጣው ቃል «የማይጣበቀውን» ነበር! ተራው ጎዝ ከቁስሉ ጋር ይደርቅና ሲነሣ የዳነውን ይዞ ነው የሚነሣው። በሳላይን እያረጠቡ ቀስ ብሎ ማላቀቅ ይቻላል፣ አውቃለሁ፤ ሚሚ ግን ያን ያህል ትዕግሥት የላትም፣ እኔም ዛሬ የለኝም። ዕድሜዋን ጠየቀ፣ ክብደቷን ጠየቀ፣ ጣፋጭ አስቀነሰ፣ ጓደኛውን ጠርቶ አስተረከ፤ የጠየቅኩትን አንድ ነገር ግን አልሰጠኝም።

ልመልሰው? አልመለስም። ያንን በር ድጋሚ አልረግጠውም፤ ያ ባለ ስልክ ሰውዬ እስካሁን ለስንቱ እንዳወራው እግዜር ይወቅ። የማይጣበቅ ጎዝና ለ22 ኪሎ ውሻ የሚሆን ኮን ያለው ሰው በውስጥ መስመር ያናግረኝ፣ ራሴ መጥቼ እወስዳለሁ። «ይላሰው» ብሎ ለመጻፍ ያሰበ ካለ ከወዲሁ ከጓደኝነት ይውጣ። ወንድሜ፣ ይህን እያነበብክ ከሆነ፣ አዲሱን ጎዝ ደብቄዋለሁ፤ አትፈልገው።