ቡኒ መታከም ነበረባት ወይ?

አራት ኪሎ አካባቢ የሚኖሩ፣ በአንድ እድር ያሉ ሁለት ጎረቤታሞች ከጎዳና በተነሣችና ካንሰር በያዛት፣ ቡኒ በተባለች ውሻ ሕክምና ላይ ተለያይተዋል። አንዷ ውሻዋን ቤቷ አስገብታ የምታሳክም መምህርት ናት። ሌላው ዕድሜያቸውን በእንስሳት ሕክምና ያሳለፉ ጡረተኛ ሐኪም ናቸው። ሁለቱም የጻፉት እነሆ።

መምህርቷ

በ2016 ዓ.ም የፒያሳና የአራት ኪሎ አሮጌ ሰፈሮች ለኮሪደር ልማት ሲፈርሱ ሰው ዕቃውን ጭኖ ሄደ፤ ብዙ ውሻ ግን እዚያው ፍርስራሹ ላይ ቀረ። ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ የደረሰው ሰው ውሻውን የት ያድርገው? ማንንም አልወቅስም። ቡኒ ከቀሩት አንዷ ናት። ሉካንዳ ቤቱ በር ላይ ተኝታ ስትውል ከኋላዋ ደም ጠብ ጠብ ይል ነበር፤ መንገደኛው ሁሉ "ወቅቷ ነው" እያለ ያልፋታል። ወቅቷ አልነበረም። ብልቷ ላይ አበባ ጎመን የመሰለ፣ ሲነኩት የሚደማ እባጭ በቅሎ ነበር።

ይህ ልቅ ውሻ በሚበዛበት አገር ሁሉ የተለመደ ተላላፊ ካንሰር ነው። ተላላፊ ስል በቫይረስ ማለቴ አይደለም። የካንሰሩ ሕዋስ ራሱ በግንኙነት፣ በመላላስና በማሽተት ከአንዱ ውሻ ወደ ሌላው ተሻግሮ እዚያ ያድጋል። ተመራማሪዎች ዘረመሉን አጥንተው፣ ዛሬ በየአገሩ የሚታየው ሁሉ ከሺህ ዓመታት በፊት ከኖረ ከአንድ ውሻ የተነሣ መሆኑን ደርሰውበታል። ወደ ሰው ግን አይተላለፍም። ይህን ደጋግሜ የምናገረው ጎረቤት ልጆቹን ከቡኒ የሚያሸሸው በዚሁ ፍርሃት ስለሆነ ነው።

ካንሰር ሲባል ሁላችንም እጃችንን እንሰጣለን። ይህኛው ግን ይድናል። ቪንክሪስቲን የሚባል መድኃኒት በሳምንት አንድ ጊዜ በደም ሥር ይሰጣል፤ አብዛኛውን ጊዜ ከ4 እስከ 6 ዙር ይበቃል፤ ከታከሙት የሚበዙት ፈጽመው ይድናሉ። የሚያክማት ሌላ ሐኪም የፊት እግሯን ፀጉር ይላጭና ደም ሥሯ ውስጥ ቀጭን ቱቦ ያስገባል፤ ከዚያ መጀመሪያ ሳላይን፣ ማለት ንጹሕ የጨው ውኃ፣ ይገፋል። ቱቦው በትክክል መግባቱን ሳያረጋግጥ ቪንክሪስቲኑን አይነካም፤ ከደም ሥር ውጭ ከፈሰሰ ቆዳውንና ሥጋውን ያቆስላልና። እኔ ጭንቅላቷን ደረቴ ላይ አስደግፌ እይዛታለሁ። ጥርሷን አንድም ቀን አላሳየችንም። ከመርፌው በኋላ ምግብ ስትጠላ የአጥንት መረቅ እንጀራ ላይ አፍስሼ በእጄ አጎርሳታለሁ። እባጩ ገና በመጀመሪያዎቹ መርፌዎች መሟሸሽ ጀመረ፤ ደሙም ቆመ።

የሚድን ፍጡር በራችን ላይ እየደማ "ውሻ አይደል" ብሎ ማለፍ ልክ አይደለም። ክርክሬ ይኸው ነው።

ሐኪሙ

ልጄ፣ ልብሽን አውቃለሁ። ከእባጩ የተወሰደውን ናሙና በማይክሮስኮፕ አይቼ የበሽታውን ስም የነገርኩሽ እኔው ነኝ። ቡኒንም አልጠላሁም። ቅር የሚለኝ ቅደም ተከተሉ ነው።

እኔ በሥራ ዘመኔ ሁሉ የታገልኩት ከእብድ ውሻ በሽታ ጋር ነው። ምልክቱ አንዴ ከታየ የሚያድን መድኃኒት የለውም። ሰውን የሚይዘውም ከሞላ ጎደል ሁልጊዜ በውሻ ንክሻ ነው። የአዲስ አበባ ሰው ውሻ ሲነክሰው "ፓስተር" ብሎ ወደ ጉለሌ የሚሮጠው ለዚህ ነው። በሽታውን ለመግታት ከውሾቹ ቢያንስ 70 በመቶው መከተብ አለባቸው። ከውሻ የሚመጣው የሰው ሞት እስከ እ.ኤ.አ. 2030 እንዲቀር ዓለም አቀፍ ግብ ተይዟል፤ እዚያ የሚያደርሰን ግን በየሰፈሩ የሚሰጥ ክትባት ብቻ ነው። አንዲት ውሻ ከካንሰር ለማዳን የሚወጣው ብር ስንት ውሻ ባስከተበ!

መድኃኒቱም ለውሻ ተብሎ የተሠራ አይደለም። የደም ካንሰር የያዛቸው ሕፃናት የሚታከሙበት ነው። ከገጠር መጥተው፣ ልጃቸውን ሆስፒታል አስተኝተው፣ ማዘዣ ይዘው ከፋርማሲ ፋርማሲ የሚንከራተቱ ወላጆችን አይቻለሁ። እነዚያን ሰዎች አይተሽ ያንኑ ብልቃጥ ለውሻ ስትገዢ ምን ይሰማሻል? ለማሳፈር አይደለም የምጠይቅሽ፤ መልስሽን መስማት ስለምፈልግ ነው።

ግቢሽም ያሳስበኛል። ቧንቧው የጋራ፣ ሽንት ቤቱ የጋራ ነው። ቪንክሪስቲን ከሰውነቷ የሚወጣው በሰገራዋና በሽንቷ ነው፤ በተለይ ከመርፌው በኋላ ባሉት ቀናት። ልጆች ኳስ በሚያባርሩበት ግቢ ይህን ማን ይጠብቃል? ድና ብትወጣስ? ሰፈሩ ውስጥ በሽታው ያለባቸው ወንዶች ሞልተዋል፤ መልሶ ሊይዛት ይችላል።

መምህርቷ

ጋሼ፣ ከመጨረሻው ልጀምር። ቡኒን አልለቃትም። የእብድ ውሻ ክትባቷን የወሰደችው ኬሞው፣ ማለትም የካንሰር መድኃኒቱ፣ ሳይጀመር ነው፤ እባጩ ጠፍቶ ጉልበቷ ሲመለስ ደግሞ ትመክናለች። ከጎዳና አንድ ውሻ አባርሮ ይዞ መከተብ ምን ያህል ልፋት እንዳለው ከእርስዎ በላይ ማን ያውቃል? ባለቤት ያለው ውሻ ግን በገመዱ ተስቦ በየዓመቱ ይመጣል። እርስዎ የሚፈልጉት 70 በመቶ የሚሞላው እንዲህ ባሉ ውሾች ነው። ደግሞ የታከመች ውሻ ካንሰሩን ለሌሎች ማስተላለፏን ታቆማለች። ሳትታከም ብትቀር ኖሮ ሉካንዳ ቤቱ በር ላይ ስታዛምት ነበር የምትከርመው።

ብሩም ከክትባት ሣጥን የወጣ አይደለም። ሰው ገንዘቡን የሚያወጣው ልቡ ለተነካበት ነው። ለቡኒ ያዋጡ ሁለት ጎረቤቶቼ ከዚያ በኋላ የገዛ ግቢያቸውን ውሻ አስከትበዋል፤ ከዚያ በፊት ግን አንድም ቀን አስበውት አያውቁም ነበር።

የሕፃናቱን ጉዳይ ግን በቀላሉ አላልፈውም። መጠኑን እናንሣ። 15 ኪሎ የምትመዝን ውሻ በአንድ ዙር የሚያስፈልጋት 0.4 ሚሊግራም እንኳ አይሞላም፤ አንድ ብልቃጥ 1 ሚሊግራም ይይዛል። የእኛ ሐኪም ሁለት ውሾችን በአንድ ቀን ይቀጥርና ከአንድ ብልቃጥ ያዳርሳል። መድኃኒቱ ከገበያ በጠፋ ጊዜ ደግሞ ለውሻ መግዛት ክልክል መሆን አለበት፤ ይህን ሳላወላዳ እቀበላለሁ። የቡኒ እባጭ ሳምንት ሁለት ሳምንት ቢዘገይ አይገድላትም። የታመመ ልጅ ግን መርፌው በቀኑ ይገባዋል። መድኃኒቱ በመደርደሪያ ላይ ባለበት ቀን የእኔ አለመግዛት ለየትኛው ልጅ ይደርሳል? እነዚያ ወላጆች የሚንከራተቱት ውሻ ቀድሟቸው አይደለም።

ስለ ግቢው ልክ ነዎት። ስለዚህ ቡኒ የታሰረችው ከቧንቧው ርቃ፣ ከጓሮ ነው። ሰገራዋን በጓንት አንሥቼ በድርብ ላስቲክ አስራለሁ፤ የተኛችበትንና የሸናችበትን በበረኪና አጥባለሁ። እርጉዝ የሆነችው ጎረቤቴ ሳህኗን እንኳ እንዳትነካ ነግሬያታለሁ። ልጆቹም ሕጉን ያውቃሉ፤ አንደኛው እንዲያውም ሌሎቹን ይቆጣል።

"ጻድቅ ሰው ለእንስሳው ነፍስ ይራራል" ይላል መጽሐፈ ምሳሌ። ሙስሊሟ ጎረቤቴም ለተጠማ ውሻ በጫማው ውኃ ቀድቶ ስላጠጣና ምሕረት ስላገኘው ሰው ከሐዲስ ነግራኛለች። ውሻ መሆኗ ብቻውን መልስ የሚሆንበት እምነት በሰፈራችን የለም።

ሐኪሙ

ክትባቱንና ማምከኑን ከቀደምሽ፣ ብልቃጡን ከተካፈላችሁ፣ በእጥረት ጊዜ ከታቀባችሁ፣ በዚህ በሽታ ላይ አልከራከርሽም። እንዲያውም የሰፈሩን ባለ እባጭ ውሾች በአንድ ወቅት ሰብስቦ ማከም ለስርጭቱም ይበጃል።

ሁሉም ካንሰር ግን የቡኒ ዓይነት አይደለም። የምፈራው ነገ የምታነሺውን ውሻ ነው። መንጋጋው ሥርና ከጉልበቱ ኋላ ያሉት ዕጢዎች አብጠው ብታገኚ ሊምፎማ የሚባለው የዕጢዎች ካንሰር ሊሆን ይችላል። እሱ በአንድ መድኃኒት አይመለስም። ቪንክሪስቲን፣ ሳይክሎፎስፋማይድ፣ ዶክሶሩቢሲንና ፕሬድኒሶሎን እየተፈራረቁ ለወራት ይሰጣሉ፤ ከየመርፌው በፊት ነጭ የደም ሕዋሱ መቆጠር አለበት። ይህ ሁሉ በተሟላበት አገር እንኳ አብዛኛው ውሻ የሚያገኘው አንድ ዓመት ገደማ ነው፤ ከዚያ ካንሰሩ ይመለሳል። የአጥንት ካንሰር ከሆነም እግሩ ተቆርጦ ኬሞ ቢጨመርበት ከዚያ ብዙም አይሻልም። አራት ኪሎ ቆመሽ ውሻ የሚጭን ታክሲ ለምነሽ ታውቂያለሽ። ቢሾፍቱ ያለው የዩኒቨርሲቲው የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅ ድረስ 45 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። የታመመን እንስሳ በዚህ ሁሉ ማመላለስ ለማን ነው የሚጠቅመው? ውሻው ነገ እሻላለሁ ብሎ አይጽናናም፤ የሚያውቀው የዛሬውን ሕመም ነው።

እንዲህ ያለውን በማደንዘዣ አስተኝቶ ሳያመው ማሰናበት ሕክምና ነው። መርዝ የተቀባ ሥጋ መንገድ ላይ ከመጣል ጋር እንዳታደባልቂብኝ፤ ያንን ዕድሜዬን ሙሉ ስቃወም ኖሬያለሁ።

መምህርቷ

አላደባልቅም። ዶክሶሩቢሲን ፍለጋ ከተማውን እንደማልዞርም ልንገርዎ። ግን "አይድንም" ከተባለበት ቀን እስከሚሰናበትበት ቀን ያለውን ጊዜ እርስዎ ዘለሉት። ፕሬድኒሶሎን ርካሽ ክኒን ነው፤ የሊምፎማን እብጠት ያቀልላል፣ የምግብ ፍላጎት ይመልሳል፣ አንድ ወይም ሁለት ወር ይሰጣል። ያ ውሻ ምናልባት ዕድሜውን ሙሉ ከዝናብ ተጠልሎ ያደረበት ሌሊት የለም። ጠግቦና ደረቅ ቦታ ተኝቶ የሚያሳልፈው ወር ለእሱ ትንሽ አይደለም። ዕጢው ባበጠ ዕለት እንዲሰናበት አልፈቅድም።

ሐኪሙ

ክኒኑን ከመጀመርሽ በፊት ቁርጡን ወስኚ። ፕሬድኒሶሎን ብቻውን ከወሰደ በኋላ "ኬሞ ልሞክር" ብትይ ካንሰሩ መድኃኒቱን መቋቋም ተላምዶ ይቆይሻል። ደግሞም ብዙ ያጠጣዋል፣ ብዙ ያሸናዋል፤ ግቢሽ ይታገሥሽ እንደሆን ጠይቂ።

ወሩ ሁለት ወር፣ ሁለቱ ሦስት እንዲሆን ትለምኚኛለሽ ብዬ እሰጋለሁ፤ ሁሉም ባለ ውሻ ይለምናል። ማዘዣውን የምጽፈው አንድ ነገር አስቀድመሽ ከፈቀድሽልኝ ነው። የሚወደውን መረቅ አቅርበሽለት ፊቱን ካዞረ፣ ወይም ለመነሣት ሞክሮ ካቃተው፣ በዚያው ዕለት ትጠሪኛለሽ፤ ለሚቀጥለው ቅዳሜ አታስተላልፊም። በዚህ ካልተስማማን አልጽፍም።