ድሬዳዋን በብስክሌት ለማየት ከካርታው በፊት ጎሚስታውን ጠይቁ

ለሥራ ወደ ድሬዳዋ የሚላክ ሰው ብዙውን ጊዜ ከተማዋን ሳያያት ይመለሳል። ከአውሮፕላን ማረፊያ ወደ ሆቴል፣ ከሆቴል ወደ መሥሪያ ቤት፣ ከመሥሪያ ቤት ደግሞ ተመልሶ ወደ ማራገቢያው ሥር፤ አምስቱ ቀን እንዲህ ያልቃል። እኔም ለዓመታት ከዚህ የተለየሁ አልነበርኩም። የሒሳብ ምርመራ ሥራዬ በዓመት ሦስት አራት ጊዜ ወደ ምሥራቅ ይወስደኛል። አዲስ አበባ ውስጥ ቅዳሜና እሑድ ማለዳ ብስክሌቴን ሳልነዳ አልውልም፤ ድሬዳዋ ስደርስ ግን ብስክሌት የሚባል ነገር ትዝ አይለኝም ነበር። ባልደረቦቼን ስጠይቃቸው መልሳቸው አንድ ነው፦ «በዚያ ሙቀት?»

አዎ፣ በዚያ ሙቀት። ድሬዳዋ በአገራችን ለብስክሌት ከሚመቹ ከተሞች አንዷ ናት። እንግዳው ይህን ሳያውቅ የሚመለሰው ማንን መጠየቅ እንዳለበት ስለማያውቅ ነው፤ ከተማዋም እስካሁን ልትነግረው አላሰበችም። ሊታረም የሚችል፣ ብዙ ገንዘብም የማይጠይቅ ጉድለት ስለሆነ ነው ይህን ለመጻፍ የተነሳሁት።

መጀመሪያ ያደረግሁት ሁሉም ሰው የሚያደርገውን ነው፤ ስልኬን አወጣሁ። ስትራቫ የሚባለው መተግበሪያ ተጠቃሚዎቹ የነዱበትንና የሮጡበትን መንገድ ይሰበስብና ብዙ ሰው የተመላለሰበትን አድምቆ፣ ጥቂት ሰው የሄደበትን አደብዝዞ በካርታ ላይ ያሳያል። በማያውቁት ከተማ ጥሩ የብስክሌት መንገድ ለመፈለግ ብዙ ተጓዦች የሚተማመኑበት ዘዴ ነው። ድሬዳዋን ስከፍት ያገኘሁት ግን በዋና ዋናዎቹ አስፋልቶች ላይ የተዘረጉ ጥቂት ደብዛዛ ክሮችን ነበር። እዚህ ከተማ ብስክሌት የሚነዳ ሰው የለም ማለት ነው ብዬ ተኛሁ።

በማግስቱ ከማለዳው 12 ሰዓት ላይ የክፍሌን መስኮት ከፈትኩ። ከታች ባለው መንገድ የምሳ ዕቃቸውን መሪው ላይ ያንጠለጠሉ ሰዎች ወደ ሥራ ያልፋሉ። ቆሜ ቆጠርኩ። በአሥር ደቂቃ ውስጥ አሥራ አራት ብስክሌት አለፈ፤ አንደኛው አባት ዩኒፎርም የለበሰች ልጁን ከኋላው አስቀምጧል። ከእነዚህ ሰዎች መካከል ጉዞውን በስልኩ የሚመዘግብ አንድም ያለ አይመስለኝም። ካርታው ባዶ የሆነው መንገዱ ባዶ ሆኖ አልነበረም።

ከተማዋ ለምን ለብስክሌት እንደምትመች ለመረዳት አመሠራረቷን ማስታወስ ይበቃል። ከጅቡቲ የተነሳው የባቡር ሐዲድ መጀመሪያ የታሰበው ሐረር እንዲደርስ ነበር። ተራራው ግን ለባቡሩ ከበደው፤ ወጪውም ለኩባንያው የሚቻል አልሆነም። ስለዚህ ሐዲዱ ዳገቱን ትቶ በግርጌው ሜዳ እንዲያልፍ ተደረገ። በ1895 ዓ.ም. ባቡሩ ሲደርስ የተቆረቆረችውን ከተማም «አዲስ ሐረር» ብለው ሰይመዋት ነበር። ባቡርም ብስክሌትም የሚፈሩት አንድ ነገር ነው፤ ዳገትን። ባቡሩ መርጦት ያረፈበት ሜዳ ዛሬ ብስክሌተኛው ሳያለከልክ ከጫፍ እስከ ጫፍ የሚነዳበት ነው። በባቡሩ ዘመን የተሠራውን የከዚራን ሰፈር ያየ ሰው የምለውን ያውቃል፤ መንገዶቿ ቀጥ ያሉና ሰፋፊ ናቸው፣ ጥላም አላቸው። በሙቀቱ ወራት ቀይ አበባውን አስፋልቱ ላይ የሚያነጥፈውን ያን ዛፍ በሌላው የአገራችን ክፍል እንኳ «የድሬዳዋ ዛፍ» እያልን ነው የምንጠራው።

ጎሚስታውን ያገኘሁትም እዚያው ከዚራ ውስጥ፣ ከአንድ ትልቅ ዛፍ ሥር ነው። የተከራየሁት ብስክሌት የኋላ ጎማው ተንፍሶብኝ እየገፋሁ ነበር። ስልሳ ዓመት ያለፋቸው፣ ሽርጥ የታጠቁ ሰው ናቸው። የውስጡን ጎማ አውጥተው ነፉት፤ ውሃ በያዘ ሳፋ ውስጥ እየነከሩ ቀስ ብለው አዞሩት። አረፋው ቡልቅ ሲል ቦታውን በአውራ ጣታቸው ያዙ። ከዚያ የውጪውን ጎማ ውስጡን በጣታቸው ዳበሱና ግማሽ ጣት የሚያህል የግራር እሾህ ነቅለው መዳፌ ላይ አኖሩት። «በወንዙ ውስጥ ሄደሃል» አሉኝ። ማንም አልነገራቸውም፤ እሾሁ ነው የነገራቸው። እውነትም ከድልድዩ ይልቅ በደረቁ የደቻቱ አሸዋ ላይ አቋርጬ ነበር።

«ጋሼ፣ ለእንደኔ ዓይነቱ እንግዳ ጥሩው መንገድ የትኛው ነው?» አልኳቸው። መልስ ከመስጠታቸው በፊት እሳቸው ጠየቁኝ፦ «በስንት ሰዓት ትወጣለህ? በስንት ሰዓት ሥራህ ላይ መገኘት አለብህ? ፍሬንህስ ይይዛል?» የትኛውም ካርታ እነዚህን ሦስት ጥያቄዎች ጠይቆኝ አያውቅም። ለሥራ የመጣ ሰው ደግሞ ከእነዚህ ሌላ የሚጠየቀው ነገር የለም። ፍሬኑን ራሳቸው ጨብጠው ሞከሩት፤ ራሳቸውን ነቀነቁና አጠበቁት። ከዚያ በአንድ ቁራጭ ሽቦ መሬቱ ላይ መሥመር ማስመር ጀመሩ።

የመጀመሪያው መሥመር የማለዳው ዙር ነው። ከአሮጌው ለገሃር ፊት ለፊት ተነስቶ በከዚራ ጥላ መንገዶች፣ ከዚያ በድልድዩ ደቻቱን ተሻግሮ ወደ መጋላ፣ ገበያው ሳይሞላ በቀፊራ ዞሮ መመለስ። ከአንድ ሰዓት በታች የሚያልቅ ነው፤ ግን ሁለት ከተማ ያያሉ። በዚህኛው ማዶ የባቡሩ ዘመን ቀጥ ያለ መንገድ፣ በዚያኛው ማዶ ጠመዝማዛው የመጋላ መንደር። በመካከሉ ኦሮምኛ፣ ሶማልኛና አማርኛ በአንድ ዓረፍተ ነገር ውስጥ ሲቀላቀሉ ይሰማሉ። መጨረሻው ላይ ትኩስ ፈጢራና ሻይ አለ። ሰዓቱ ግን ቁርጥ ነው፦ ከ11 ሰዓት ተኩል እስከ 1 ሰዓት ተኩል። ከ2 ሰዓት በኋላ ፀሐይዋ የእንግዳ አይደለችም፤ የከተማው ሰውም በቀትር አይነዳም። አንዲት አብራኝ የምትጓዝ ባልደረባዬ ገና ሳይነጋ ብቻዋን መውጣት አልወደደችም፤ 12 ሰዓት ላይ፣ ሠራተኛው መንገዱን ሲሞላው መውጣት ጀመረች። ከዚያ ወዲህ እኔም የእሷን ሰዓት ነው የምከተለው፤ መንገዱ ሰው ሲኖረው ይሻላል።

ስለ ደቻቱ ግን በአጭሩ ማለፍ አልችልም። በበጋ ሲያዩት ሰፊ፣ ደረቅ፣ ሰው የሚመላለስበት አሸዋ ነው፤ በካርታ ላይም ከተማዋን ለሁለት የሚከፍል የተመቸ መንገድ ይመስላል። በሐምሌ 1998 ዓ.ም. ሰው በተኛበት ሌሊት ይኸው አሸዋ ጎርፍ ሆኖ መጣ፤ ከ200 በላይ ሰዎች ሞቱ፣ በሺዎች የሚቆጠሩ ከቤታቸው ተፈናቀሉ። ውሃው የሚመጣው ከደቡብ ካሉት ተራሮች ነው። ከተማዋ ላይ ጠብ ሳይል፣ ላይኛው አገር የጣለው ዝናብ ወንዙን ሊሞላው ይችላል። ጎሚስታው ሽቦውን አስቀምጠው ቀና አሉ። «ከራስህ በላይ ያለውን ሰማይ አትይ፤ ተራራውን እይ። ተራራው ከጠቆረ ድልድይ ፈልግ» አሉኝ። ይህች ምክር ለእንግዳ በሆቴሉ በር ላይ ተጽፋ መለጠፍ የሚገባት ናት። እኔ በዚያ ወንዝ ውስጥ የሄድኩት የሚነግረኝ ስላላገኘሁ ነው።

ሁለተኛው መሥመር ወደ ምዕራብ፣ በሳቢያን አድርጎ ወደ መልካ ጀብዱ የሚወስደው ነው። ደርሶ መልሱ 20 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሆናል፤ ሜዳ ነው። እውነቱን ለመናገር ይህን ያህል ውብ መንገድ አይደለም። አቧራ አለው፣ የጭነት መኪና አለው፣ ጥላው ትንሽ ነው። ግን ስለ ድሬዳዋ ያወቅሁትን አብዛኛውን ነገር ያወቅሁት በዚህ መንገድ ላይ ነው። በ2014 ዓ.ም. ነፃ የንግድ ቀጣና የሆነው የኢንዱስትሪ ፓርክ በዚያ በኩል ነው፤ ከመስኮቴ የቆጠርኳቸው ሰዎች አብዛኞቹ ወደዚያው የሚሄዱ ነበሩ። አንድ ማለዳ ከአንድ ወጣት የፋብሪካ ሠራተኛ ጎን ለጎን ነዳሁ። የጭነት መኪና ድምፅ ከኋላችን በተሰማ ቁጥር ወደ ጠጠሩ ይወርዳል፤ ሲያልፍ ይመለሳል። አንድም ጊዜ ዞር ብሎ አላየም፤ በጆሮው ነው የሚነዳው። ስንት ጊዜ እንዲህ እንደሚወርድ ጠየቅሁት፤ ቆጥሮት እንደማያውቅ ነገረኝ።

ሦስተኛውን መሥመር ሲያሰምሩ ሽቦውን ወደ ላይ አጥፈው አቆሙት። ደንገጎ ነው። ከ1,200 ሜትር ገደማ ተነስቶ ከ2,000 ሜትር በላይ የሚወጣ፣ ባቡሩ የሸሸው ያው ዳገት። ከላይ ሆኖ ቁልቁል ሲያዩት ሜዳው እስከ አድማስ ተዘርግቶ ይታያል፤ እኔ ያየሁት በመኪና ሆኜ ነው፤ በኪራይ ብስክሌት አልሞከርኩትም፤ ማንም እንዲሞክረው አልመክርም። የመውጣቱ ድካም አይደለም የሚያስፈራው። ቁልቁለቱ ጠመዝማዛ ነው፤ የጭነት መኪናዎቹ ከባድ ናቸው፤ የኪራይ ብስክሌት ፍሬን ደግሞ ለሜዳ የተሠራ ነው። ማርሽ ያለው የራሱ ብስክሌትና በቂ ልምድ ያለው ሰው ማለዳ ወጥቶ በሚኒባስ ቢመለስ ይሻለዋል።

ወደ ሐረር የሚቀጥል ሥራ ያለው ሰው ብስክሌቱን በመኪና ጭኖ ቢሄድ ደግ ነው፤ ከደንገጎ በላይ ያለው የሐረማያና የአወዳይ አገር ነፋሻ ነው። ጀጎል ውስጥ ግን ከብስክሌት ይውረዱ። መተላለፊያዎቹ ጠባብ ናቸው፣ የሰው ደጃፍ ናቸው፣ ድንጋያቸውም ያንሸራትታል። ለብስክሌት የሚሆነው ከግንቡ ውጪ ያለው መንገድ ነው፤ ከበር እስከ በር እየነዱ፣ በእያንዳንዱ በር ላይ ብስክሌቱን አቁሞ በእግር ገባ ብሎ መውጣት።

አሁን ወደ ሆቴሎቹና ወደ ከተማው አስተዳደር ልመለስ። ድሬዳዋ የሥልጠናና የስብሰባ ከተማ ናት፤ ሆቴሎቿ የሚኖሩት እንደኔ ባለ አበል ተጓዥ ነው። ካረፍኩባቸው ሆቴሎች በአንዱ ብስክሌቴን ግቢ ውስጥ ለማሳደር ጥበቃውን ግማሽ ሰዓት መለመን ነበረብኝ፤ ለመኪና ግን ሰፊ ቦታ ነበር። አራት ብስክሌት፣ አንድ የጎማ መንፊያና ሦስት መንገድ የተሰመረበት አንድ ሰሌዳ ለአንድ ሆቴል ምን ያህል ወጪ ነው? ሰሌዳው ላይ የሚሰመረውን መንገድ ደግሞ ከሌላ ቦታ ማምጣት አያስፈልግም፤ ዛፍ ሥር የተቀመጡት ጎሚስታዎች ያውቁታል። የዩኒቨርሲቲው ተማሪዎች አንድ ሴሚስተር ከእነሱ ጋር ቁጭ ብለው ቢጽፉት፣ ማንም ሰው ሊያርመው በሚችለው ኦፕን ስትሪት ማፕ ላይም ቢያስገቡት፣ የሚቀጥለው እንግዳ ባዶ ካርታ አይገጥመውም። ለጎሚስታዎቹም ለጊዜያቸው ይከፈላቸው፤ ዕውቀት ነው የሚሰጡት።

ትልቁ ጥያቄ ግን የመንገዱ ነው። አዲስ አበባ ላይ የተጀመረው የኮሪደር ልማት ወደ ክልል ከተሞችም ደርሷል፤ ከእሱም ጋር የብስክሌት መስመር የሚለው ቃል ተለምዷል። ደስ ይለኛል። የምፈራው መስመሩ ፎቶ በሚነሳበት አደባባይ ዙሪያ ተጀምሮ እዚያው እንዳያልቅ ነው። ከዚራ ለብስክሌት ቀድሞውንም ትመቻለች፤ ምንም ቀለም ባይቀባላት ይነዳባታል። ቀለሙም፣ ድንበሩም፣ ጥላውም የሚያስፈልገው ያ ወጣት ወደ ጠጠሩ በሚወርድበት የመልካ ጀብዱ መንገድ ላይ ነው። የቱሪዝም ቢሮ ለእንግዳ የሚፈልገው መንገድና የፋብሪካው ሠራተኛ በየቀኑ የሚያስፈልገው መንገድ አንድ መንገድ ነው። ለሠራተኛው በደንብ ከተሠራ እንግዳው ራሱ ያገኘዋል፤ 12 ሰዓት ላይ መስኮቱን ከፍቶ ሰዎቹን መከተል ብቻ ነው ያለበት። ለእንግዳው ብቻ የተሠራ መስመር ግን እንግዳው በሌለበት ቀን የባጃጅ ማቆሚያ ይሆናል። ይህን በሌላ ከተማ በዓይኔ አይቻለሁ።

ባለፈው ጉዞዬ የነዳሁትን ሁሉ በስልኬ መዝግቤ ለጎሚስታው አሳየኋቸው። መነጽራቸውን አድርገው መሥመሩን በጣታቸው እየተከተሉ ረጅም ጊዜ ተመለከቱት። ከሳቢያን ትንሽ አለፍ ብሎ ጣታቸው ቆመ። «እዚህ ጋ ለምን አስፋልቱን ይዘህ ሄድክ? በግራ በኩል መኪና የማይገባበት መንገድ ነበረልህ፤ እስከ መጨረሻው ጥላ ነው» አሉኝ። ስልኩ ላይ ምንም የለም፤ ቦታው ነጭ ነው። ሽቦውን አንስተው መሬቱ ላይ አሰመሩልኝ። እኔም ወረቀት አውጥቼ ገለበጥኩት፤ ጥቅምት ላይ ስመለስ የምሄድበት ነው።