ከብስክሌት ወርዶ ደረጃ መውጣት

ከጀርመኗ ከተማ ፓሳው እስከ ኦስትሪያዋ ቪየና የዳኑብን ወንዝ ተከትለን ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ ብስክሌት ስንነዳ አንድም ቀን አላማረርኩም። ያማረረኝ ማግስቱ ነው! «ዛሬ ዘና ብለን ከተማውን በእግር እናያለን» አለ ጓደኛዬ። ዘና ማለት ይህ ከሆነ ድካም ምን ሊሆን ነው? የብስክሌት ጫማዬ ከሥሩ ብረት ስላለው በድንጋይ ንጣፉ ላይ እንደ ፈረስ ኮቴ ይንኳኳል፤ ሰው ሁሉ ዞሮ ያየኛል። ቅዱስ እስጢፋኖስ ካቴድራል ስንደርስ ደግሞ፣ የሰሜኑ ማማ አሳንሰር እያለው፣ የደቡቡን 343 ደረጃ ካልወጣን ሞቼ እገኛለሁ አለ። መውጣቱስ ይሁን፣ መውረዱ ነው ጉልበቴን ያስለቀሰው! ከዚያ ሾንብሩን ቤተ መንግሥት፤ እዚያም ከአትክልቱ ጀርባ ኮረብታ አይጠፋም። «ከላይ ሲታይ ያምራል» ይለኛል። ከታችም ያምር ነበር እኮ!